ከውቢት ጓሮ የተቆረሰ

ውቢት ከጓሮዋ ቆርሳ እንድትሰጥ ያግባባኋት እኔ ነኝ። ማኅበሩ ልኮኝ ነው ማለት እችላለሁ፤ ቃለ ጉባኤውም የሚለው እንደዚያ ነው። ግን ሌላ ሰው ተልኮ ቢሆን ኖሮ እሺ አትልም ነበር። እሺ ያለችው እኔን አምና ነው።

የእኛ ሰፈር ሆሳዕና ውስጥ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ታች፣ በክረምት ባጃጅ እምቢ ብሎ ከሚመለስበት ቁልቁለት ሥር። በካርታ ከተማ ነን። ግን መብራት በአንድ ቆጣሪ ለሰባት ቤት ነበር የምንከፋፈለው፤ ውሃ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። ሴቶቹ ቢጫ ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው ገደሉ ሥር ወዳለው ምንጭ ይወርዳሉ። ከዚያው ምንጭ ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል፤ ክረምት ሲሆን የላይኛው ሰፈር ጎርፍ ይገባበታል።

እኔ አዜብ እባላለሁ፤ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ብያለሁ። ማገዶውን ከየት እናምጣ ይሉኛል፤ ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ። በስድስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ተቅማጥና ትውከት ገባ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ሕፃናት ቀበርን። አንደኛው የውቢት የመጨረሻ ልጅ ነበር፤ ሦስት ዓመቱ ነው። ተሸክሜው ዳገቱን የወጣሁት እኔ ነኝ። አስፋልቱ ላይ ስደርስ ባጃጅ አገኘሁ፤ ልጁ ግን ከዚያ በፊት አልፎ ነበር። ውቢት ከኋላዬ ስለነበረች አላወቀችም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው የነገርኳት።

ማኅበሩ የተቋቋመው ከዚያ ክረምት በኋላ ነው። የልማትና መረዳጃ ማኅበር ተባለ፤ ለሠፈሩ ውሃ ሊያመጣ፣ በሐዘን ጊዜም እንደ እድር ሊያገለግል። ሊቀመንበሩ መምህር ተረፈ ሆኑ። ጊምቢቹም ሆሳዕናም ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ግማሹን ሰፈር ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው። ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ሦስተኛው ሆሴዕ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ሠርቶ የተመለሰ፣ አይሱዙ ያለው፣ ቤት እየሠራ ያለ ሰው። ድንጋዩንም አሸዋውንም ያለ ሆሴዕ መኪና ማምጣት አይታሰብም ነበር።

የከተማው የውሃ አገልግሎት ሰዎች መጥተው አዩንና ቧንቧውን ከላይ እንሰጣችኋለን፣ ቦዩን ራሳችሁ ቆፍሩ፣ ቦኖው የሚቆምበትንም ቦታ ራሳችሁ አምጡ አሉ። ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ ግማሽ ቀን ሲለካ ዋለ። ለቦኖ የሚስማሙት ሦስት ግቢዎች ብቻ ናቸው አለ። አንደኛው የሆሴዕ ነው፤ መሠረት አውጥቶበታል። ሁለተኛው የወይዘሮ ሂሩት ነው፤ እንሰቴን አላስነቅልም አሉ። ሦስተኛው የውቢት ነው።

«ከውቢት ጋር ማን ይነጋገር?» አሉ መምህር ተረፈ።

ማንም እኔ አላለም። ስለሚፈሯት አልነበረም። ቤቷ ገብቶ የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

ውቢት ሸክላ ሠሪ ናት። በእኛ አገር ይህ የሥራ ስም ብቻ አይደለም። ማሰሮዋን እንገዛለን፤ የበዓል ምግባችንን አተካናን የምንሠራው በእሷ ድስት ነው፤ እሷን ግን ቤታችን አናስገባም፤ ቤቷም አንገባም። ይህን በግልጽ የሚናገር ሰው አታገኙም። እሁድ እሁድ ሁላችን አንድ ነን ሲባል ሁላችንም አሜን እንላለን። ግን ለቅሶ ቤት ሸክላ ሠሪ ከደጅ ነው የሚቀመጠው። ስብሰባ ላይ ሻይ ሲታደል ለሌላው በብርጭቆ፣ ለእነሱ በላስቲክ ኩባያ ይመጣል፤ ኩባያውም አይታጠብም፣ ይጣላል። ልጆቻቸውን በሌላ ስም የሚጠሩ አሉ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያሉ አምስት ቤቶች ነበሩ። እኔ በሥራዬ ምክንያት አምስቱም ቤት እገባለሁ። ስለዚህ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ውቢት መሬት ላይ ተቀምጣ ጭቃ ታሻለች። ባሏ ጋሽ ኤርጋኖ በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ልባቸውን ይታመሙ ነበር፤ እግራቸው አብጧል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ውቢት እጇን ከጭቃው ሳታወጣ አዳመጠችኝ።

«ስንት በስንት ነው የሚፈልጉት?»

«ስድስት ሜትር በስድስት ሜትር።»

«ሸክላ የምተኩስበትን ይነካል?»

«አይነካም፣ እትዬ። ከሱ ወዲህ ነው።»

ጥቂት ጭቃውን አሸች። «የምንጩ ውሃ ነው አይደል ልጄን የገደለው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«እንግዲያ ይውሰዱት።»

«ቆይ» አሉ ጋሽ ኤርጋኖ። የሚናገሩት በሀዲይኛ ነበር፤ አማርኛ የሚናገሩት ቢሮ ሲሄዱ ብቻ ነው። «እኔ ብዙ እንደማልቆይ አንቺ ታውቂያለሽ። መሬቱን ውሰዱ፤ ዋጋ አልጠይቅም። ስሞት ግን ማኅበሩ ድንኳን ይትከልልኝ። ሰው ቤቴ ገብቶ ይቀመጥ። ቆሞ አይሂድ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ቃሌ ነው» አልኳቸው።

ቃሌ ብዬ ብቻ አልቀረሁም። ለስብሰባው አቀረብኩት። መምህር ተረፈ ተነስተው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ዘመኑ እንደተለወጠ፣ እግዚአብሔር ሰውን በሙሉ ከአንድ አፈር እንደሠራ። ሁሉም እጁን አወጣ። ሆሴዕም አወጣ። አምስቱ ቤቶች ሙሉ አባል እንዲሆኑ፣ በደስታም በሐዘንም እንደማንኛውም አባል እንዲስተናገዱ ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩት። ያን ቀን ስወጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። እናቴ «ጥሩ ነው፣ ልጄ» ብላ ወሬውን ቀየረችው።

ቦዩን ሦስት ወር ቆፈርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል። ከውቢት ቤት ራሷ ውቢትና ልጇ ማኅሌት ይወጡ ነበር፤ ማኅሌት አሥረኛ ክፍል ነች። ከሌሎቹ አራት ቤቶች የሚወጣው ጥሩሰው የሚባለው የውቢት የአክስት ልጅ ነበር፤ ለሦስት ሰው የሚበቃ ይቆፍራል። አንድ ቅዳሜ ውቢት ዶማዋን አቁማ «እዚህ ጋ አትቆፍሩ» አለች።

«ለምን?» አለ ሆሴዕ።

«ይህ አፈር ክረምት ያብጣል፤ በጋ ይሰነጠቃል። ቧንቧችሁን ይበጥሰዋል። ከዚያ ግራር አልፋችሁ ዙሩ፤ እዚያ ቀይ አፈር ነው።»

የሳቁ ነበሩ። ባለሙያው ግን ሲመጣ አፈሩን በውሃ ለውሶ በጣቱ አሽቶ ሴትየዋ ልክ ናት አለ። መስመሩ ተቀየረ። መምህር ተረፈ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ኢንጂነራችን» እያሉ ይጠሯት ጀመር፤ ደስ ይላት ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ቆጮውን ፈትቶ ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ፣ ውቢትና ማኅሌት፣ ጥሩሰውም፣ ባሕር ዛፉ ሥር ለብቻቸው ይበላሉ። አንድ ቅዳሜ ሄጄ አብሬያቸው በላሁ። አንድ ቅዳሜ ብቻ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወይዘሮ ሂሩት «ነይ እንጂ አዚ፣ እዚህ ቦታ አለ» ሲሉኝ እዚያው ቀረሁ።

ውሃው ጥር ላይ ገባ። ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ከላይ የመጡ እንግዶች ተናገሩ። መምህር ተረፈ የደከሙትን በስም እየጠሩ አመሰገኑ፤ ሆሴዕን ሁለት ጊዜ ጠሩት። የውቢትን ስም ይጠራሉ ብዬ ጠበቅኩ። «ቦታውንም ማኅበሩ አዘጋጅቶ» ብለው አለፉ። ምናልባት ረስተው ይሆናል። ውቢት በበኩሏ ለዚያ ቀን ትልቅ እንስራ ሠርታ ነበር፤ አንገቱ ላይ በጣቷ ጌጥ አውጥታበታለች። መንገደኛ ይጠጣበት ብላ ቦኖው አጠገብ አስቀመጠችው። ማንም ከሱ አልጠጣም። ከሳምንት በኋላ የሆሴዕ ግንበኞች ሲሚንቶ የሚያቦኩበትን ውሃ ይቀዱበት ነበር።

ሆሴዕ ቤቱን ጨረሰ። ስምንት የሚከራዩ ክፍሎች፣ በራቸው ወደ ቦኖው፣ ከቦኖው ጀርባ ደግሞ የውቢት መተኮሻ። ውቢት ሸክላዋን የምትተኩሰው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፤ በገለባና በባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሲመሽ ይጠፋል። አባቷም እዚያው ነበር የሚተኩሱት። ሆሴዕ መጀመሪያ በጭሱ ምክንያት ተከራይ እንቢ አለኝ አለ። ቀጥሎ ለእኔ ብቻ ሌላ ነገር ነገረኝ።

«አዜብ፣ ደቡብ አፍሪካ እያለሁ ሱቄን ሁለት ጊዜ አቃጥለውብኛል። ሁለተኛው ጊዜ ጓደኛዬ ውስጥ ነበር። ጭስ ሲሸተኝ እዚያ ያለሁ ይመስለኛል። ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ጠብ የለኝም። ጭሱ ብቻ ይቁምልኝ።»

አዘንኩለት። አሁንም አዝንለታለሁ። ግን ያ ሐዘን የእሱ ነው፤ ለምን ውቢት ትክፈለው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት መምህር ተረፈ ጤና ኬላው ድረስ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው። ስለ አየሩ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ «አንቺ ባለሙያ ነሽ» አሉ። «ጭሱና አመዱ ለመጠጥ ውሃ ጥሩ አይደለም፤ አይደል?»

«መምህር፣ ውሃው በብረት ቧንቧ ነው የሚመጣው። ጭሱ ምን ያደርገዋል?»

«ልክ ነሽ፤ ይገባኛል። ግን ሆሴዕ ጥሎ ሊወጣ ነው። እሱ ከወጣ መኪናው ወጣ ማለት ነው፤ መጸዳጃ ቤቱም የጎርፍ መውረጃውም ይቀራል። ለአምስት ቤት ብለን መቶ ሃያ ቤት እንጉዳ? አንድ ገጽ ጻፊ። የጤና ስጋት አለ በይ። ሌላውን ቀበሌው ይጨርሰዋል።»

ሲነሱ በሩ ላይ ቆመው «ለዲግሪ ትምህርቱ የማኅበረሰብ ድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል አልሽኝ አይደል? አዘጋጅቼልሻለሁ፤ እሁድ አመጣልሻለሁ» አሉ። አላስፈራሩኝም። ሁለቱን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላያያዟቸውም። እኔ ነኝ ያያያዝኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ጻፍኩት። «በመጠጥ ውሃ ተቋሙ አቅራቢያ የሚካሄደው የሸክላ ማቃጠል ሥራ ለኅብረተሰቡ ጤና ስጋት በመሆኑ፣ የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ።» ፈረምኩ፤ ማኅተም መታሁ። ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። የተማርኩት ቋንቋ ስለሆነ ቃላቱ ራሳቸው ናቸው የመጡት።

የቀበሌው ደንብ አስከባሪዎች ሐሙስ ቀን መጡ። የመተኮሻውን ድንጋይ ነቅለው ጉድጓዱን ደፈኑት። ሊተኮስ የተደረደረ ሰላሳ የሚሆን ድስትና ማሰሮ ነበር፤ አንሺ አሏት፤ ገና ጥሬ ነው፣ ሳይተኮስ ሲነሳ ይፈርሳል አለች። ፈረሰ። በሌሎቹ አራት ቤቶችም መተኮስ ተከለከለ፤ ደብዳቤው «በአካባቢው» ስለሚል ሁሉንም ያካትታል ተባለ። ይህን የሰማሁት ከማኅሌት ነው። እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ፤ እኔ እንደጻፍኩት አላወቀችም ነበር። እንድረዳቸው ነበር የመጣችው።

ውቢት ራሷ የመጣችው በማግስቱ ነው። ጤና ኬላው ውስጥ ክትባት የሚያስከትቡ እናቶች ነበሩ፤ እስኪጨርሱ ደጅ ቆመች። ሰው ሲያልቅ ገባች። ደብዳቤውን ያሳዩአት ቀበሌ ነው፤ ማንበብ ባትችልም ስሜን ነግረዋታል።

«አዜብ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ለጠብ አይደለም።»

«ጠይቂኝ፣ እትዬ።»

«ጭሱ ውሃው ውስጥ ይገባል?»

የክትባት መዝገቡን ዘጋሁ።

«አንቺ ተምረሻል፤ እኔ አላውቅም። ያኔ የምንጩ ውሃ ነው ብለሽኝ ነበር። አሁን ደግሞ ጭሱ በሽታ ነው ብለሻል። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። ያ ልጅ እኔ ስተኩስ ከሥሬ አይጠፋም ነበር። የገደለው የእኔ ጭስ ነው?»

ይህን አስባ ትመጣለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

«አይደለም! አይደለም፣ እትዬ። ጭሱ ምንም አላደረገውም። ምንጩ ነው። እምልልሻለሁ።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ቀስ ብሎ ሄደ። በቦታው የመጣውን ስም ልሰጠው አልችልም።

«ታዲያ ለምን ጻፍሽ?»

ጥቂት ጠብቃኝ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ጋሽ ኤርጋኖ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ነው የቆዩት። ያረፉት ረቡዕ ጠዋት ነው። ሰምቼ በቀጥታ መምህር ተረፈ ቤት ሄድኩ። የማኅበሩ ድንኳን በእሳቸው ዕቃ ቤት ነው የሚቀመጠው።

«ድንኳኑ ሺንሺቾ ሄዷል» አሉኝ። «የሂሩት የወንድም ልጅ ሠርግ አለ።»

«ሠርጉ እኮ እሁድ ነው፣ መምህር። ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«ቀደም ብለው ወሰዱት እንጂ።»

የዕቃ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። የተጠቀለለው ሰማያዊ ሸራ ከነገመዱ ይታየኝ ነበር። እሳቸውም እንዳየሁት አዩ። ፊታቸው ቀላ። «አዜብ» አሉኝ በዝግታ፣ «ድንኳኑን እዚያ ቤት ከተከልነው ለሌላ ለቅሶ አንቀበልም የሚሉ አሉ። አውጥተን አንድ ሰው ባይገባበት ለእነሱስ አይብስም? አግዳሚ ወንበሮቹን እልካለሁ። እኔም እመጣለሁ።»

ቃለ ጉባኤውን አስታወስኳቸው። ያለ እኔ ማን ያውቀዋል አሉኝ፤ በርግጥም ያን ቀን ተነስተው የተናገሩለት እሳቸው ናቸው። አንገታቸውን ደፉ። ድንኳኑን ግን አልሰጡኝም። እኔም ገብቼ ጎትቼ አላወጣሁትም። ሁለት ሰው ቢያግዘኝ ይወጣ ነበር። ሁለት ሰው ግን ለመጠየቅ እንኳ አልሄድኩም።

ወንበሮቹ መጥተው ከአጥሩ ውጭ ተደረደሩ። ሰው መጣ፤ አልመጣም ማለት አልችልም። መጣና መንገዱ ላይ ቆመ። ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናቸው ቄስ መጥተው ጸሎት አደረሱ፤ ሬሳው ሲወጣ ሰዉ ተከተለ፤ ከቀብር ሲመለስም ከአጥሩ ሳያልፍ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ሄደ። መምህር ተረፈ ቆመው ስለ ሟቹ ታታሪነት ተናገሩ። ሆሴዕ ራቅ ብሎ ቆሞ ያለቅስ ነበር፤ ለማን እንደሚያለቅስ አላውቅም።

እኔ ገባሁ። ውስጥ የአምስቱ ቤት ሰዎች ነበሩ፤ ጥሩሰው ከበሩ ጥግ ቦታ ለቀቀልኝ። ማኅሌት ቆጮና ጎመን አቀረበችልኝ፣ በላሁ። ሦስት ቀን ተመላልሼ ተቀመጥኩ። ከማኅበሩ የገባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ሰው መግባቱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የገባኝ እዚያው ተቀምጬ ነው። ውቢት በሦስቱም ቀን ዓይኔን አላየችም።

ከአርባው በኋላ ሄደች። ሸክላ መተኮስ ከተከለከለ የምትበላው የለም። ሀደሮ እህት አላት፤ እዚያ አፈሩም ጥሩ ነው፣ የሚከለክልም የለም አለች ለጥሩሰው። ግቢዋን ሆሴዕ ወሰደው። ማኅሌት ትምህርቷን አቋርጣ ደላላ ይዟት ወደ አረብ አገር መሄዷን ቆይቼ ሰማሁ። ሀያ ዓመት ሞልቷታል ተብሎ ነው ፓስፖርት የወጣላት።

በዚያው ዓመት ማኅበራችን ሞዴል ተባለ። ከዱራሜና ከሌሎች ከተሞች ልምድ ሊቀስሙ በሁለት ሚኒባስ መጡ። መምህር ተረፈ ቦኖውን አሳዩአቸው። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ማስታወሻ ይዛ «ቦታው የማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«የኅብረተሰቡ ነው» አሉ መምህር።

«የውቢት ነው» አልኩ እኔ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «የውቢትና የጋሽ ኤርጋኖ። ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ከዚህ ያስለቀቅናቸው እኛ ነን።»

ሴትየዋ ብዕሯን ይዛ ቆየችና «እሺ… ተጠቃሚው ስንት አባወራ ነው?» አለች።

መቶ ሃያ ነው አሏት። ጻፈችው።

ያን ሳምንት በገበያ ቀን ሀደሮ ሄድኩ። ሸክላ ተራ ውስጥ ከሩቅ አየኋት። ከስታለች። ማሰሮዎቿን ደርድራ ተቀምጣለች፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰላም አለችኝ፣ እናቴን ጠየቀችኝ። ስለ ማኅሌት ጠየቅኳት፤ በወር አንዴ ትደውላለች አለችኝ። ገዢ መጣ፣ ድስት አንኳኩቶ ድምፁን አዳመጠ፣ ሳይገዛ ሄደ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ለየትኛው?» አለች። እየተሳለቀች አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። «ለመሬቱ ከሆነ ወድጄ ነው የሰጠሁት። ለኤርጋኖ ከሆነ አንቺ ገብተሻል፤ ያልገቡት ይጠይቁ። ለደብዳቤው ከሆነ እኔን አትጠይቂኝ። የጻፍሽው ለእኔ አይደለም። ለጻፍሽላቸው ሰዎች ሄደሽ ውሸት ነበር በያቸው።»

ፀሐይ ስትበረታ ሸክላዎቿን ወደ ጥላ ስታዛውር አገዝኳት።

ሰኞ ዕለት ጻፍኩት። የቀድሞው ደብዳቤ ከእውነት የራቀ መሆኑን፣ የሸክላ መተኮሱ ከውሃው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው፣ የጻፍኩት ተጽዕኖ ስለነበረብኝና ለራሴ ጥቅም ብዬ መሆኑን። በድጋፍ ደብዳቤው ያገኘሁትን የትምህርት ዕድልም ተውኩት። ቀበሌው ውስጥ ያለው ሰው አንብቦ ጨርሶ ቀና አለ።

«ግለሰቧ አሁን እዚህ ትኖራለች?»

«አትኖርም።»

«እንግዲያ ጉዳዩ ተዘግቷል እኮ፣ አዜብ። ይህን ካስገባሁት ደግሞ አንቺ ነሽ የምትጠየቂው።»

«ልጠየቅ። አስገባው።»

መዝገብ ቤት አስገባው። ጠርቶ የጠየቀኝ ግን የለም፤ ቀጣሁሽም የሚል አልመጣም። ለማኅበሩም አንብቤላቸው ከጸሐፊነት ወረድኩ። መምህር ተረፈ ለአገልግሎትሽ እናመሰግናለን አሉ። ወዲያው ሌላ ጸሐፊ ተመረጠ፤ ስብሰባው ወደ መጸዳጃ ቤቱ ጉዳይ አለፈ።

የደብዳቤውን ቅጂ ይዤ ጥሩሰው ቤት ሄድኩ። አሁን መተኮስ ትችላላችሁ፣ ማንም ቢመጣ ይህን አሳዩት ልለው ነበር። ጥሩሰው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሯል፤ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ግቢው ውስጥ የታሰሩ ዕቃዎች ነበሩ፤ ፍራሽ፣ ሁለት ዶሮ፣ የተጠቀለለ ቆርቆሮ።

«ጥሩ ጽሑፍ ነው» አለኝ። «ግን እኛም ልንሄድ ነው። አራቱም ቤት። ሽማግሌዎቹ ከመስቀል በፊት እንሂድ ብለዋል።»

«አሁን እኮ አትከለከሉም።»

«ያኔም ማኅበሩ እጁን አውጥቶ ነበር» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ወረቀቱን መለሰልኝ። «አንድ ነገር ብቻ አድርጊልን። የልጆቹን የክትባት ወረቀት። እዚያ ወረቀት ሲጠይቁን ባዶ እጃችንን እንዳንቀርብ።»

በማግስቱ ጤና ኬላውን ከወትሮው ቀደም ብዬ ከፈትኩ። መዝገቡን አወጣሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የአሥራ አንድ ልጆች የክትባት ካርድ ጻፍኩ፤ ስም፣ የእናት ስም፣ የተወለዱበት ቀን፣ የተከተቡት፣ የቀራቸው።